ትዳር ያፈረሰው ሕጉ ነው?

የቦሌዋ፦ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ የደወለ ሰውዬ «ትዳር እያፈረሰ ያለው ሕጉ ነው» ሲል ሾፌሩም ረዳቱም «እውነቱን ነው!» ብለው ተቀባበሉት። ሚስት መምታት ወንጀል መሆኑን የወንጀል ሕጉ ከ1997 ጀምሮ በግልጽ ጽፎታል፣ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚገባው መቼ ነው ግን?

ጋሽ ሞላ፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ድሮ ሽማግሌ ገብቶ ይፈታው ነበር። ዛሬ ለአንድ ጥፊ ፖሊስ ጣቢያ ተኪዶ ባል ይታሰራል ልጅ ይበተናል።

ሰብለ፦ ሃሃሃ «ለአንድ ጥፊ»! ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስንተኛው ላይ ነው የሚፈቅዱልን?

ጋሽ ሞላ፦ ቃሌን አታጣምሚ ልጄ።

ጠበቃው፦ ኧረ ለአንድ ጥፊ ማን ታስሮ ያውቃል። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት የሚመለከተው አንቀጽ 564 ራሱ ቅጣት የለውም፣ ወደ አካል ጉዳት አንቀጾቹ፣ ወደ 555–560 ነው የሚልካችሁ፣ ቀላል ጉዳት ከሆነ ደግሞ እሷ አቤት ካላለች ክስም የለ። አንዷን ይዤ ሄጄ መርማሪው መጀመሪያ የጠየቃት «ምን አድርገሽው ነው?» ነው፣ ከዛ የሐኪም ማስረጃ አምጪ፣ ማታ ተመልሳ እዛው ቤት አደረች። እሱን ከቤት የሚያስወጣ የጥበቃ ትእዛዝ የሚባል ነገር እኛ ጋ የለማ!

ሀብታሙ፦ ቢሆንም ለውጥ የለም አትበሉ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ላይ በ1992 ወጥ ካሳረረች ወይ ሳትነግረው ከወጣች ምናምን ከሚሉት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ቢመታት ልክ ነው ያሉ ሴቶች 85 በመቶ ነበሩ፣ በ2008 63። ሕግ ካልሆነ ምን አወረደው?

ጋሽ ሞላ፦ ትምህርት ነዋ።

ሰብለ፦ ሀብትሽ የወንዶቹን ለምን ዘለልከው? በ2008 28 በመቶ ብቻ ናቸው ልክ ነው ያሉት፣ ከሴቶቹ በግማሽ ያነሰ! ታዲያ ማነው የሚመታው፣ ጂኒ? ወንዱ ለጠያቂ ምን ብሎ እንደሚመልስ ተማረ እንጂ እጁን አልሰበሰበም።

የቦሌዋ፦ ማፈሩስ ቀላል ነው እንዴ? በድሮው ሕግ እኮ ጠላፊ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር፣ ያ ከተነሳ ወዲህ ቢያንስ በኛ ሰፈር «ጠልፌ ነው ያገባኋት» ብሎ ጠላ ቤት የሚፎክር የለም።

ቤቲ ዲሲ፦ እዚህ አሜሪካ፣ ዲሲ፣ ፖሊስ የድብደባ ምልክት ካየባት እሷ ተዉልኝ ብትልም ይዞት ነው የሚሄደው፣ አለቀ።

ጋሽ ሞላ፦ ይኸው! ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ስንቱ አበሻ እዛ ቤቱ ፈረሰ።

ጠበቃው፦ ቤቲ በማግስቱ ከቤተክርስቲያን ሽማግሌ ተልኮ «ክሱን አንሺ» የሚባለውንም ንገሪያቸው እንጂ።

ቤቲ ዲሲ፦ እሱን ማን ነገረህ? ሁሉም ቤተክርስቲያን አንድ አይደለም፣ አታጠቃልል።