ቅዳሜ የምናድርበት ቦታ ተሰረዘብን፤ ከዲሲ በቅርብ ጓዝ አዝለን የምንሄድበት ጠቁሙን

ማክዳ_ዲኤምቪ፦ ሰላም ቤተሰብ። እባካችሁ ቶሎ። ለቅዳሜ ማታ ያስያዝነው የግል ካምፕ አሁን ኢሜይል ልኮ ሰረዘው። ብሩ ይመለሳል ብለዋል፤ እኛ ግን እረፍት የወሰድነው ለዚህ ሳምንት ብቻ ነው። ዕቃው ሁሉ ታስሯል። አዝለን ትንሽ ተራምደን ድንኳን የምንተክልበት፣ በመኪና ከሁለት ሰዓት የማይርቅ ቦታ ንገሩን። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ፐርሚት (የማደሪያ ፈቃድ) ስለሚጠይቅ አይሆንም። ሌላ የት አለ?

የመንገድ_ልጅ፦ ስንት ናችሁ? ከየት ነው የምትነሱት? አዝላችሁ ታውቃላችሁ? ከቤተስዳ መነሳትና ከዉድብሪጅ መነሳት አንድ አይደለም።

ጋሼ_አርሊንግተን፦ ልጄ፣ ከቦታው በፊት ስለ ብርዱ አስቢ። ጥቅምት ገብቷል። ከተማው ውስጥ ቀን በቲሸርት ስለተሄደ ተራራው ላይ ሌሊቱ ይራራል ማለት አይደለም። ጋቢ ያዙ። ሁለተኛው ድብ ነው። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ቆሎም ቢሆን፣ የጥርስ ሳሙናም ቢሆን። ሸናንዶዋ ያለው ደንብ ምግቡን ከመሬት 10 ጫማ ከፍ፣ ከግንዱ 4 ጫማ ራቅ አድርጎ መስቀል ነው። ሌላ ቦታም ብትሄዱ እንደዚያው አድርጉ። ገመዱን ሳይመሽ ስቀሉ፤ በባትሪ ብርሃን ቅርንጫፍ መፈለግ ስቃይ ነው። ሦስተኛው መዥገር ነው። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም መዥገር የሚያስተላልፈው ላይም የሚባል በሽታ አለ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ ማታ ከጉልበት ጀርባና ብብት ሥር ተያዩ።

ቆሎ_ተማሪ፦ ጋሼ፣ የሐበሻ ጓዝ ከሆነ ድቡ በርበሬው ሲሸተው ራሱ አገር ይለቃል 😄

ጋሼ_አርሊንግተን፦ አይለቅም ልጄ። ሽታው ነው የሚጠራው።

አናፖሊስ_ሮክ_ወዳጅ፦ አናፖሊስ ሮክ ሂዱ! በሀይዌይ 70 ወደ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ ወደ ማየርስቪል። መኪና ማቆሚያው አፓላቺያን ትሬይል የሚባለው ረጅም የእግር መንገድ የመኪና መንገድ 40ን የሚያቋርጥበት አጠገብ ነው። ከዚያ ሁለት ማይል ተኩል ብትራመዱ ነው። ካምፑ ነፃ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። ሽንት ቤትና ምንጭ አለው። እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ የጋዝ ምድጃ ያዙ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከዓለቱ ላይ ሆናችሁ ታያላችሁ፤ ያን ለማየት ብቻ ብትሄዱም አይቆጫችሁም።

ዳዊት_ቢ፦ ይቅርታ፣ እኔ ግን አልገባኝም። ገጠር ነው ያደግኩት። ሜዳ ላይ ያደርነው ከብት ጠፍቶብን ነው። እዚህ አገር ስንት ደክመን ቤት ገብተን ደግሞ ተመልሰን ጫካ? ሆቴል ያዙና ቀን ተራመዱ።

ሰናይት_የገጠር፦ ዳዊት ወንድሜ፣ እኔም የገጠር ልጅ ነኝ። የምሄደው ናፍቆኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ጠዋት በወፍ ድምፅ ስነቃ ሰውነቴ ይመለስልኛል። ላንተ ባይሆንም ለእሷ ይሁንላት።

ሚኪ_ጌይተርስበርግ፦ አናፖሊስ ሮክ እላለሁ። ቅርብ ነው፣ ነፃ ነው፣ ያምራል።

የመንገድ_ልጅ፦ ሚኪ፣ ከላይ ተብሏል። ደግሞ ቅጠሉ ቀለም በሚቀይርበት በዚህ ወቅት ቅዳሜ አናፖሊስ ሮክ ገበያ ነው። መኪና ማቆሚያው በጠዋት ይሞላል። ማክዳ፣ ሸናንዶዋንም ቶሎ አትተዪው። ፐርሚት ያስፈልጋል ማለት ቦታ የለም ማለት አይደለም። ሪክሪየሽን ዶት ጎቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በክፍያ ይወጣል፤ ዛሬውኑ ገብተሽ እዪ። ብዙ ሰው እዚያው ፓርክ ውስጥ ካለው ኦልድ ራግ ተራራ የቀን ትኬት ጋር ያምታታዋል። ያ ሌላ ነው፤ ከማርች እስከ ኖቬምበር ኦልድ ራግን ለሚወጣ ብቻ ነው። ፐርሚት ጭራሽ ካልፈለግሽ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን አለ። እዚያ ቢግ ሽሎስ የሚባለውን የዓለት ጫፍ ከዉልፍ ጋፕ ተነሥታችሁ ትወጣላችሁ። ሁለት ማይል ገደማ ነው፤ መጀመሪያው ግን ዳገት ነው።

ማክዳ_ዲኤምቪ፦ እናመሰግናለን፣ ጋሼም እግዜር ይስጥልን። 4 ነን፣ ከአሌክሳንድሪያ ነው የምንነሳው። ሁለታችን አዝለን አናውቅም። አንዷ ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገት አትችልም። መኪናችን ትንሽ ሴዳን ነው።

የመንገድ_ልጅ፦ ይኼን መጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ! ቢግ ሽሎስን እርሺው።

ፖቶማክ_ዳር፦ ለጉልበት የሚሆነው በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው የድሮ የጀልባ ቦይ፣ ሲ ኤንድ ኦ ካናል ነው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ሙሉ ሜዳ ነው፤ በጥንት ጊዜ በቅሎ ጀልባ የሚጎትትበት መንገድ። በየጥቂት ማይሉ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራ ነፃ ማደሪያ አለ። ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታና ሽንት ቤት አለው። ማስያዝ የለም፤ በአንድ ቦታ ግን ከአንድ ሌሊት በላይ አይታደርም። ከኤድዋርድስ ፌሪ ተነሥታችሁ ወደ ላይ ብትሄዱ ተርትል ረን ሦስት ማይል ተኩል ገደማ ነው። ከተያዘ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ቺዝል ብራንች ከኤድዋርድስ ፌሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። የእጅ ፓምፕ አለ፣ ግን አንዳንዴ እጀታው ተነቅሎ ታገኙታላችሁ። ከኖቬምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ደግሞ ይዘጋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን ውሃ ከቤት ያዙ። መኪና ማሳደር የሚቻልበትን ቦታ ነገ ጠዋት ለፓርኩ ደውላችሁ አረጋግጡ። ይኼ እንዳይረሳ!

ሰናይት_የገጠር፦ ለምግብ ድርቆሽ ውሰዱ። ክብደት የለውም። ቁሌቱን ቤት ውስጥ ሽንኩርቱ ውሃው እስኪያልቅ አብስዪና በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጊ። ማታ አንድ ኩባያ ውሃ ታፈላላችሁ፣ ቁሌቱን ትጨምራላችሁ፣ ድርቆሹን ታገቡበታላችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለጠዋት ጭኮ፣ በመንገድ በሶ በጥብጣችሁ። ሱቅ የሚሸጠውን የታሸገ የካምፕ ምግብ በዚያ ዋጋ አትግዙ።

ነርስ_ሊሊ፦ ጋሼን አክብሬ፣ በጋቢው ግን አልስማማም። ጋቢ ጥጥ ነው። ጤዛ ከነካው ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይሄዳል። ወንዝ ዳር ደግሞ ጤዛ አይቀርም። ጋቢው መኪና ውስጥ ይቆይ። ሱፍ ወይም ፍሊስ ልበሱ፣ ጂንስም አትልበሱ። ከመሬት የሚለይ ምንጣፍ ከሌላችሁ የቱንም ያህል ብርድ ልብስ ብትደርቡ ከታች ይበርዳችኋል።

ጋሼ_አርሊንግተን፦ ልክ ነሽ ልጄ፣ እርጥበቱን አላሰብኩም። ምንጣፉን በተለይ እንዳትረሱ።

ሚኪ_ጌይተርስበርግ፦ አናፖሊስ ሮክ አርብ ማታ ብትሄዱ ግን ባዶ ነው 🙏

አዲስ_ገቢ፦ ማክዳ፣ በመጨረሻ የት ሄዳችሁ? እኔም ከልጆች ጋር እያሰብኩ ነው፤ ትልቁ 9 ዓመቱ ነው።

ፖቶማክ_ዳር፦ ለልጆች ስካይ ሜዶውስ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዴላፕሌን አጠገብ ነው። ከመኪናው እስከ ማደሪያው አንድ ማይል ያህል ነው። እዚያ ግን ቀድሞ ማስያዝ ግዴታ ነው፤ ቅጠሉ ሳይረግፍ ልታገኙ ከፈለጋችሁ ዛሬ እዪ።