ፋንፊክ ይነበብ ወይስ ይደመጥ? የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ክርክር

የአራዳዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ይሄን ነገር እዚሁ እናውጣው፣ በውስጥ መስመር ለየሰዉ መመለስ አልቻልኩም። እንደምታውቁት 14 ምዕራፍ ያለው ፋንፊክ፣ ማለት አድናቂ ከወደደው ድራማ ወይም መጽሐፍ ተነስቶ የሚጽፈው ታሪክ፣ በጽሑፍ ለቅቄያለሁ። ከአንድ የቱርክ ድራማ ሁለት ገጸ ባሕርያት ወስጄ፣ ድራማው ካቆመበት የቀጠልኩት ነው። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ላይ ጓደኛዬ አስቆመችኝና "ታሪክሽን ሰማሁት፣ ግን ልጁን ለምን ጨካኝ አደረግሽው?" አለችኝ። ሰማሁት ነው ያለችው፣ አነበብኩት አላለችም። ለካ አንድ የማላውቀው ሰው ሰባት ምዕራፍ በድምፅ ቀድቶ ለቆታል። ስሜ የትም የለም።

ከስሙ በላይ ያንገበገበኝ ግን ምዕራፍ 7 ነው። "ልጁ ማታ ማታ ይመታል፤ ጎረቤት ይሰማል፤ ማንም አይናገርም" ብዬ ጽፌያለሁ። ይመታል ጠብቆ ነው የሚነበበው፣ ይደበደባል ማለቴ ነው። አንባቢው አላልቶ አነበበው። በአንድ ቃል ተደብዳቢው ልጅ ደብዳቢ ሆነ። ሦስት ወር የደከምኩበት ልጅ ነው እኮ! ስለዚህ የኔ አቋም ፋንፊክ በጽሑፍ ይጋራ ነው። በድምፅ የግድ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው ሳይፈቅድ አይሁን።

ቦርከና፦
እህቴ፣ ስምሽን አለመጥራቱ ነውር ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ግን በጽሑፍ ብቻ ስትዪ ማንን እያስቀረሽ እንደሆነ እዪው። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምሠራው። ሌሊት አድሬ ስወጣ ዓይኔ ስልክ የማየት አቅም የለውም፣ ጆሮዬ ግን ይሠራል። ቤተሰብ ጠይቄ ከደሴ ስመለስ ደግሞ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ታውቁታላችሁ፣ ሚኒባስ ውስጥ አቀርቅሬ ላንብብ ብል ሁለተኛው ኩርባ ላይ ያጥወለውለኛል። በድምፅ ከሆነ ግን ሁለት ምዕራፍ ጨርሼ ነው መናኸሪያ የምወርደው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሰብለ ወንጌልን ግን እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የምታውቃት። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ሰምታ ነው። መጽሐፉ በ1958 ወጣ፣ እኛ ቤት ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ታሪኩን ያስገባው ድምፁ ነው። አሁንም ወጋየሁ "ጉዱ ካሳ" ሲል የነበረውን አባባል ቡና እያፈላች ትደግምልኛለች። ታዲያ ይሄን በምን ጽሑፍ ትተኪዋለሽ?

የጦሳው፦
ሕግ ነው የምማረው፣ ትንሽ ልጨምር። አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ የማባዛት፣ የመተርጎም፣ ወደ ሌላ ዓይነት የመለወጥና ለሕዝብ የማሰራጨት መብት ለደራሲው ይሰጣል። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ሳይፈቀድለት በድምፅ የቀዳው ሰው ጥፋተኛ ነው፣ እሺ። ግን የአራዳዋ፣ በቅንነት ልጠይቅሽ፦ አንቺስ የድራማውን ባለቤቶች አስፈቅደሻል? ቦርከና ያነሳውን መጽሐፍ እንኳን ብንወስድ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ነው፣ ሰብለን ይዞ አዲስ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሰው ግቢ ውስጥ ነው ያለው። እኛ ሳናስፈቅድ ገብተን ከኋላችን የመጣውን "አስፈቅድ" ማለት እንዴት ይሆናል?

የአራዳዋ፦
አላስፈቀድኩም። ልዋሽህ አልችልም። ይሄ ጥያቄ ሲያስጨንቀኝ ነው የከረመው። ግን ልዩነት አለው ብዬ አምናለሁ። እኔ የወሰድኩት ሁለት ስምና ጠባያቸውን ነው፤ ከየት እንደመጡም መጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌያለሁ፣ አንድ ሳንቲምም አላገኘሁበትም። እሱ ግን የወሰደው ዓረፍተ ነገሮቼን በሙሉ ነው፣ እስከ ነጠላ ሰረዙ ድረስ።

ውጭ አገር ያሉት ፋንፊክ ጸሐፊዎች ይሄን ከእኛ በፊት ተነታርከውበታል። በድምፅ የተነበበውን ፖድፊክ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የሚባለው የፋንፊክ ቤት ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ገጻቸው ላይ "ሥራዬን በድምፅ ማንበብ ለሚፈልግ ፈቅጃለሁ፣ ስሜንና የጽሑፉን ሊንክ ያስቀምጥልኝ" ብለው አስቀድመው ይጽፋሉ። ያልጻፈ ካለ አንባቢው ይጠይቀዋል። እኔ የጠየቅኩት ይቺኑ ነው። ብጠየቅ እምቢ የምል ይመስላችኋል?

ሐይቅ፦
እናንተ ሕግ ሕግ ትላላችሁ፣ እኔ ፓኬጅ ነው የሚያሳስበኝ። አንድ ሰዓት ድምፅ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢቀዳ 29 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት ነው የሚይዘው፣ ያንኑ አንድ ሰዓት የሚነበብ ጽሑፍ ብትልኩልኝ ከ100 ኪሎባይት ብዙም አይርቅም። 14 ምዕራፍ በድምፅ ማውረድ የሳምንት ካርዴን ይበላዋል። ጽሑፉን ግን ኔትወርክ ቆራርጦም ቢሆን አወርደዋለሁ። ደግሞ የወደድኩትን መስመር መልሼ ማግኘት እፈልጋለሁ። በድምፅ "ያቺ ቦታ የት ነበረች" እያልኩ ወደፊት ወደኋላ ስል ታሪኩ ይጠፋብኛል።

ቦርከና፦
ለንግግር 64 ማን አስገደደህ፣ በ24 ቢቀዳ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከ11 ሜጋ አይበልጥም።

የመናፈሻዋ፦
ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ ግን ስለኔ እየተወራ ስለመሰለኝ ልናገር። እኔ ማየት የተሳነኝ ነኝ። ጽሑፍና ድምፅ ብላችሁ ስትለዩት ለኔ እንደዚያ አይደለም። ጽሑፍ ስትልኩ ስልኬ ያነብልኛል፣ በራሴ ፍጥነት፣ ሌሊትም ቢሆን ማንንም ሳላስቸግር። ችግሩ ግማሾቻችሁ ጽሑፍ እያላችሁ የምትልኩት ስክሪንሾት ነው። እሱ ለስልኬ ፎቶ ነው፣ ምንም አያነብልኝም። ያጌጠ ዳራ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ምዕራፍ ደርሶኝ "ምስል" ብሎኝ ዝም ሲል ምን እንደሚሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም።

የሰው ድምፅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ስልኬ ማጥበቅና ማላላት አይለይም፣ ልቅሶውንም ምርቃቱንም በአንድ ዜማ ነው የሚለው። የአራዳዋ፣ ያ ምዕራፍ 7 ለኔም ላልቶ ነው የተነበበልኝ፣ በስልኬ። እኔም ልጁን ጠልቼው ነበር። የጦሳው ሕግ ካነሳ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት የታተመ ሥራ ማየት ለተሳነው ሰው በሚመቸው መልክ፣ በድምፅም ቢሆን፣ እንዲዘጋጅ መንገድ ይከፍታል። የኔ ልመና ቀላል ነው። ጽሑፉ እውነተኛ ጽሑፍ ይሁን፣ ድምፅ የሚያነብ ሰው ሲገኝ ደግሞ አትከልክሉት።

የሸዋበሯ፦
አብሽሪ እህቴ፣ የስክሪንሾቱን ነገር ዛሬ ገና ነው የሰማሁት። ወላሂ ስልክ እንደማያነበው አላወቅኩም ነበር። ከአሁን በኋላ የኔ በጽሑፍ ነው የሚደርስሽ።

ግን አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ደሴ ትንሽ ከተማ ነች። እኔ የምጽፈው በብዕር ስም ነው፣ ቤት ማንም አያውቅም፣ እንዲያውቅም አልፈልግም። ጽሑፍ ይሸፍነኛል። በድምፅ ግን አንድ ደቂቃ ባነብ፣ አክስቴ ሰኞ ገበያ ቆማ ከሰው ስልክ ብትሰማው እንኳን "ይቺ የኛዋ ናት" ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ "ጸሐፊው ራሱ ያንብበው" የምትሉ ሰዎች፣ ለሁሉም አይሆንም። ለብዙ ሴት ልጆች አይሆንም። ሌላ ሰው ሲያነብልኝ ነው የምወደው፣ ከጠየቀኝ።

ጋሽ ገራዶ፦
ልጆቼ፣ ልጄ ነች ስልኳ ላይ ያሳየችኝ። ፋንፊክ የምትሉትን ዛሬ ነው የሰማሁት፣ ጭቅጭቃችሁ ግን አዲስ አይደለም። ወሎ ውስጥ መንዙማው በቃል ይባላል፣ ደግሞ በአጀም፣ ማለት አማርኛው በዐረብኛ ፊደል፣ ይጻፋል። እኛ ልጅ ሆነን መጀመሪያ በጆሮ ነበር የምንይዘው። ስንሳሳት ግን ወረቀቱ ያለው ሰው ዘንድ ሄደን ነበር የምናቃናው። ወረቀቱ ባይኖር ስሕተታችንን እንደያዝን በቀረን ነበር። እናንተም ድምፁን ልቀቁት፣ ብቻ ጽሑፉ ሳይኖር ብቻውን አይሂድ።

ቧንቧ ውሃ፦
የቀዳሁት እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበብኩ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። አያቴ ዓይኗ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆናት። ማታ ማታ ለሷ ነበር የማነብላት። ከዚያ ሥራ ስሄድ እንድትሰማው ብዬ ቀዳሁላት። የአጎቴ ልጆች "ለኛም" አሉ፣ ላክሁላቸው፣ ከዚያ ከእጄ ወጣ። ስምሽን አለማስገባቴ ጥፋቴ ነው፣ ለአያቴ ሳነብ "ጸሐፊዋ እገሌ" ማለት ትዝ አላለኝም። ሲሠራጭ ግን ማስተካከል ነበረብኝ፣ ይቅርታ።

ስለ ይመታል ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ መስመር ላይ ሦስቴ ቆሜያለሁ። ምዕራፍ 6 ላይ ልጁ በር በርግዶ ሲገባ ነው ያቆምሽው። ተቆጥቶ የገባ መሰለኝ፣ ስለዚህ አላላሁት። የምጠይቅሽ መንገድ ቢኖረኝ እጠይቅሽ ነበር። በዓይንሽ ስታነቢ ሁለቱንም ይዘሽ ማለፍ ትችያለሽ፣ ድምፅ ግን አንዱን መምረጥ አለበት።

የአራዳዋ፦
ምዕራፍ 6ን አሁን መልሼ አየሁት። እውነትሽን ነው፣ ሸሽቶ እንደገባ የሚናገር አንድም ቃል የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ ስላለ የጻፍኩት መስሎኛል።

አያትሽ እስከ 7 ሰምተው ነው ያቆሙት? ልጁን እንደጠሉት እንዳይቀሩ። ምዕራፍ 6ን አስተካክዬ ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ፣ በጽሑፍ፣ ለመናፈሻዋም ጭምር። ከ7 እስከ 14 ደግሞ የሚያሳስቱት ቃላት ላይ ጠብቆ ወይም ላልቶ ብዬ ጎኑ ላይ እጽፍልሻለሁ። 7ን እንደገና ቅጂው። ጎረቤት ይሰማል የሚለው ላልቶ ነው፣ ጎረቤቱ ነው የሚሰማው። ስሜን መጀመሪያው ላይ በዪልኝ፣ ያንቺንም ከፈለግሽ።

ቧንቧ ውሃ፦
የኔ ይቅር። አያቴ ነገ ከሰዓት ትሰማዋለች፣ የምትለውን እነግርሻለሁ።