ከአጎቴ የቀረ የባሕር ዛጎል፦ የጥልቅ ውኃ ኮነስ ነው ወይስ ተራው?

የአዘዞዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ሆኜ ስለ ባሕር ቀንድ አውጣ ስጠይቅ እንዳይገርማችሁ። አጎቴ ባሕር ኃይል ነበር፤ ምጽዋም አሰብም ሠርቷል። ካረፈ በኋላ ዕቃው ሲታይ አንድ የኒዶ ጣሳ ሙሉ ዛጎል ተገኘ። አብዛኛው ገበያ ላይ የምናየው ዓይነት ነው። አንዱ ግን ለየት ይላል፣ ከእጄ ማስቀመጥ አቃተኝ።

ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መደቡ ነጭ ሆኖ ቡናማ መስመሮች እየተጠላለፉ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ሠርተውበታል። ወገቡ ቀጠን ያለ ነው። የተጠማዘዘው አናቱ ረዘም ብሎ ይወጣል፣ በጣት ሲዳሰስ እርከን እርከን አለው። በስልክ ስፈልግ አንዱ ኮነስ (ዛጎሉ ሾጣጣ የሆነ የባሕር ቀንድ አውጣ ወገን) ቴክስታይል ይለኛል፣ ሌላው ያንኑ ሥዕል ይዞ ሲሊንደር ቴክስታይል ይላል፣ ሌላው ደግሞ ኮነስ ግሎሪያማሪስ ነው፣ ከጥልቅ ውኃ የሚወጣ ብርቅዬ ነው ይላል። ለተማሪዎቼ ላሳያቸው ስለምፈልግ የተሳሳተ ስም መስጠት አልፈልግም። የትኛውን ልመን? መርዝ አለው የሚሉትስ?

ፋሲል09

ቴክስታይል ነው በቃ። ቀይ ባሕር ውስጥ አለ፣ ሦስት ማዕዘኖቹም እሱው ናቸው። ግን መርዙ ሰው ይገድላል፣ ክፍል ይዘሽ ባትገቢ ይሻላል።

ዛጎል ወዳድ

በመጀመሪያ ስለ መርዙ፣ መምህርት እንዳትሰጋ። መርዙ ያለው በሕይወት ባለው እንስሳ ውስጥ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ ጥርሱን ተወርውሮ እንደሚወጋ መሣሪያ ነው የሚጠቀምበት፣ በሱ በኩል መርዙን ይረጫል። ኮነስ ጂኦግራፈስ የሚባለው ሰው ገድሏል፣ እውነት ነው። ባዶ ዛጎል ግን ምንም አያደርግም፣ ልጆቹ ይዳስሱት። ይልቅ ይህንን ንገሪያቸው፦ ከኮነስ ማገስ መርዝ ተነሥቶ የተሠራ ዚኮኖታይድ የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ በ2004 ተፈቅዷል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ሌላ መድኃኒት አልመልስ ላለው ከባድ ሕመም በአከርካሪ በኩል ይሰጣል።

አሁን ወደ ስሙ። ፋሲል፣ በሦስት ማዕዘን ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ያ ንድፍ ብዙ የኮነስ ዝርያዎች ላይ አለ። ቴክስታይል ሆዱ ሞላ ያለ ነው፣ አናቱም ይህን ያህል አይረዝም። ወርቃማ ቡናማ መደብ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ጥቁር ቡናማ የተጠማዘዙ መስመሮች አሉት። የመምህርት ግን ቀጭን፣ ነጭ፣ ባለ እርከን ነው። ግሎሪያማሪስ አናቱ ረጅም ቢሆንም ጎኑ ልሙጥ ሆኖ ይወርዳል፣ እርከን የለውም፤ አገሩም ፊሊፒንስና ሰሎሞን ደሴቶች አካባቢ ነው፣ ከእኛ ወገን አይደለም።

እርከን ያለው አናት፣ ሹል ትከሻ፣ ነጭ መደብ፣ ቀጭን ወገብ ሲባል እኔ መጀመሪያ የማስበው ኮነስ ሚልኔድዋርድሲን ነው። ጁሶም የሚባል ፈረንሳዊ በ1894 ነው ስም ያወጣለት። የሕንድ ውቅያኖስ ዝርያ ነው፣ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ላይም አለ፤ ጠለቅ ካለ ውኃ ስለሚኖር ዳር ላይ ለቅሞ የሚያገኘው የለም። በ1899 ሜልቪልና ስታንደን የተባሉ ሰዎች ኮነስ ክሊቶስፒራ ብለው እንደ አዲስ ዝርያ ያወጡት ዛጎል የተገኘው ከቦምቤይ ወዲያ ባሕር ውስጥ በተዘረጋ የቴሌግራፍ ገመድ ላይ ነበር። ዛሬ በሚልኔድዋርድሲ ሥር ነው የሚቆጠረው። እንግዲህ ከጥልቅ የሚወጣ ነገር በእጅ የሚገባው አንድ ሁለት ብቻ ስለሆነ በትንሽ ልዩነት አዲስ ስም ይሰጠዋል፣ ኋላ ብዙ ናሙና ሲገኝ ይጣመራል።

ሲሊንደር ወይስ ኮነስ ላልሽው ሁለቱም አልዋሹሽም። ሊኔየስ በ1758 ሁሉንም ኮነስ ብሎ ሰበሰበ። በ2009 ታከርና ቴኖሪዮ የሚባሉ ተመራማሪዎች በዛጎሉና በጥርሱ ቅርጽ ተነሥተው በብዙ ጂነስ (የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች ወገን) በታተኑት፣ ሲሊንደር ቴክስታይል የሚለው ከዚያ ወገን ነው። ቀጥሎ ፒዩያንድርና ባልደረቦቹ በዲኤንኤ አይተው ወደ አራት ትልልቅ ጂነሶች መለሱት፦ ኮነስ፣ ኮናስፕሬላ፣ ፕሮፈንዲኮነስና ካሊፎርኒኮነስ። ሲሊንደር በኮነስ ሥር ንዑስ ጂነስ ሆኖ ቀረ። ለተማሪ ኮነስ በሉት፣ ይበቃል። አንድ የሚያሳስት ነገር ግን አለ፤ ፕሮፈንዲኮነስ ስሙ ጥልቀትን ስለሚጠራ ከጥልቅ የወጣ ሁሉ እሱ ይመስላቸዋል። አይደለም። ግሎሪያማሪስም ሚልኔድዋርድሲም ጥልቅ ውኃ ቢኖሩም ኮነስ ናቸው። ጥልቀት የመኖሪያ ጉዳይ ነው፣ ዝምድና አይወስንም።

ከሁሉ በላይ ግን ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብን። ለእኔ ከቀለሙ ይልቅ ቦታው ይበልጣል። ከራሱ ከቀይ ባሕር ከሆነ ጥልቁ እንደ ሌላው ውቅያኖስ ቀዝቃዛ አይደለም። ከ200 ሜትር በታች እስከ ወለሉ ድረስ 21 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደቡብ በሩ ላይ፣ ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ 137 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ከባሕሩ ወለል ከፍ ያለ ደፍ ስላለ ቀዝቃዛው የውቅያኖስ ውኃ አልፎ አይገባም። ስለዚህ «የምጽዋ ጥልቅ ውኃ» እና «የሕንድ ውቅያኖስ ጥልቅ ውኃ» አንድ ዓይነት እንስሳ አያኖሩም።

የምጽዋው

ልጄ፣ አጎትሽን ነፍሱን ይማርልን። እኔም እዚያ ነበርኩ። ወደቡ ላይ ዛጎል የሚሸጡ ልጆች ነበሩ፣ ከሌላ አገር መርከብ የሚወርዱ መርከበኞችም በሲጋራ ይለውጡ ነበር። እኛም የገዛነውንና የለቀምነውን አንድ ላይ ነው የምንጨምረው። ስለዚህ ምጽዋ የሠራ ሰው ዕቃ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ የምጽዋ ነው ማለት አይደለም። ጣሳው ውስጥ የተጠቀለለበት ወረቀት ካለ ቁራጭም ብትሆን እንዳትጥይ።

የአዘዞዋ መምህርት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይሉኝ ልጥለው ነበር። የደብተር ቁራጭ አለ፣ የእሱ ጽሑፍ ነው። «ዓሣ አጥማጁ የሰጠኝ፣ ከመረብ፣ 1968» ይላል። ቦታ አልጻፈም። ዛጎል ወዳድ፣ አናቱን በባትሪ አየሁት፤ እርከኑ እስከ ላይ ይቀጥላል፣ ጫፏ ግን ተሰብራለች። ከንፈሩም አንድ ቦታ ላይ ተሸርፏል። ቡናማው ሁለት ቦታ ላይ ጠቆር ብሎ ቀበቶ ይሠራል።

ዛጎል ወዳድ

«ከመረብ» ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ዳር ላይ የተለቀመ አይደለም ማለት ነው፣ ቀበቶዎቹም ከሚልኔድዋርድሲ ጋር ይሄዳሉ። የጫፏ መሰበር ያሳዝናል፤ እጭ እያለ የነበረው የመጀመሪያው ቅርፊት እዚያ ነው ያለው። ዙሩ ብዙ ከሆነ እጩ በውኃ ተንሳፍፎ ሩቅ ይሄዳል፣ ጥቂት ከሆነ ከተፈለፈለበት ብዙም አይርቅም፣ ቅርብ ዘመዳሞችን ለመለየት ይረዳ ነበር። ሥጋው ስለሌለ ጥርሱን ማየት አይቻልም፣ ክዳኑም የለም። ስለዚህ በሥዕልና በወረቀቱ ብቻ ጨርሼ ልፈርድልሽ አልችልም፣ ግን ቴክስታይል እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

መለያው ላይ «ኮነስ፣ ከሚልኔድዋርድሲ ጋር የሚነጻጸር፣ ከዓሣ አጥማጅ መረብ፣ 1968፣ ቦታ ያልታወቀ» ብለሽ ጻፊ። የአጎትሽን ወረቀት ቅጂውን ሳይሆን ራሱን አብረሽ አስቀምጪው። ከቻልሽ ዩኒቨርሲቲው ባዮሎጂ ላብ ውስጥ የሚያውቅሽ ሰው ካለ በማጉያ መነጽር አናቱን አይተው ፎቶ ያንሱልሽ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከአፉ በኩል፣ አንዱን ከጀርባው፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገሽ። እንዳይደርቅበት ብለሽ ዘይት አትቀቢው፣ ሎሚና ኮምጣጤ ደግሞ ጨርሶ እንዳይነካው። ዛጎሉ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል፣ እርከኖቹንና መስመሮቹን ያደበዝዝብሻል። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ።

ፋሲል09

ስለ መርዙ ያልኩትን ተዪው መምህርት፣ ልጆቹ ይዳስሱት። ፎቶዎቹን እዚሁ ለጥፊልን።