«ቤዛ» የሚለውን ስም በገና ካልሲ ላይ እንዴት ልሥራው?

ሹራብ የምትሠሩ እናቶችና እህቶች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የምኖረው በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። አሜሪካዊቷ የባለቤቴ አያት ለቤተሰቡ አባል ሁሉ ስሙ ያለበት የገና ካልሲ በእጃቸው ሠርተዋል፤ በየዓመቱ እሳት ምድጃው ላይ ይሰቀላል። ዘንድሮ ጣቶቻቸው አልታዘዝ ስላሏቸው የልጄን ካልሲ እኔ እንድሠራ መርፌዎቻቸውን ሰጡኝ። ትልቅ አደራ ነው። ስሟን ደግሞ በራሳችን ፊደል ልጽፈው ቆርጫለሁ።

ችግሩ ፊደሉ ላይ ነው። «ቤ»ን በሒሳብ ደብተር ላይ 10 በ10 ሳጥን አድርጌ ሣልኩት (አንዱ ሳጥን አንድ የሹራብ ቀለበት ነው)፤ በቀይ ላይ በነጭ ክር ስሠራው ግን ድፍጥጥ ብሎ ወጣ። ስለካው በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ጎን 20 ቀለበት፣ ወደ ላይ 28 ረድፍ ይገባል። ስለዚህ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቁመቱ 3.5 አካባቢ ቀረ። ይባስ ብሎ ከእግሩ ሥር ያለችው ክብ ተደፈነች፤ እንዲህ ከቀረች ልጄ «ቢዛ» ልትባል ነው! ከኋላ የሚሻገረው ነጭ ክርም እየሳበ ያሸበሽበዋል። ሁለት ጊዜ ተረተርኩት።

ቁመቱን ወደ 14 ረድፍ ላሳድገው ወይስ ካልሲውን በቀይ ጨርሼ ስሙን በላዩ ልጥለፈው? የምሠራው ከአፉ ወደ ጣቱ ስለሆነ ሥዕሉን መገልበጥ አለብኝ? የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ነው፤ ለዚያ ባይደርስ እንኳን ለእኛው፣ ለታኅሣሥ 29 ላደርሰው እፈልጋለሁ።