ውጤቱን ሳላየው መለካቱ ብቻ ኪውቢቱን ለምን ይቀይረዋል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኳንተም ኮምፒውተር ሲሙሌተር ላይ አንድ ኪውቢት (የ0 እና የ1 ጥምረት መሆን የሚችል የመረጃ አሃድ) ከ0 አስነስቼ በሃዳማርድ ጌት (0ን ወደ 0 እና 1 እኩል ጥምረት በሚቀይረው) ሁለቴ ሳሳልፈው ሁልጊዜ 0 ይወጣል። በሁለቱ ጌቶች መካከል መለኪያ ሳስገባ ግን ግማሹ 0፣ ግማሹ 1 ይሆናል። የመካከሉን ውጤት አላየሁትም። ታዲያ «ታዛቢው ነው የሚቀይረው» ሲባል ታዛቢው ማን ነው? እንቅልፍ ነስቶኛል።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ሰው የለበትም። የንቃተ ህሊና ቪዲዮዎቹን ተዋቸውና ወረቀት አውጣ። ወደ 1 የሚያደርሱት ሁለት መንገዶች፣ በመካከል በ0 እና በ1 በኩል የሚያልፉት፣ አምፕሊቱዶቻቸው (ስኩዌር ሲደረጉ ዕድልን የሚሰጡ ቁጥሮች) +1/2 እና −1/2 ናቸው፤ ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ። ወደ 0 የሚያደርሱት ሁለቱም +1/2 ስለሆኑ ድምራቸው 1 ነው። መለኪያው ግን ኪውቢቱ በየት በኩል እንዳለፈ ምልክት ይተዋል። ምልክት ካለ መንገዶቹ ተለይተዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱ ስኩዌር ይደረግና 1/4 ሲደመር 1/4፣ ግማሽ ይወጣል። ማንም ባያነበውም ያው ነው።

አሁን መለኪያውን አውጣና በቦታው ሁለተኛ ኪውቢት ላይ የሚሠራ ሲኖት ጌት (የመጀመሪያው 1 ሲሆን ሁለተኛውን የሚገለብጥ) አስገባ። ሁለተኛውን ኪውቢት ጨርሶ አትለካው። ምን ይወጣል? ከዚያ እዚያው ጎን ሌላ ሲኖት ጨምር።

መልስ 2፦
ላቦራቶሪ ውስጥም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ቪየና ውስጥ 70 የካርቦን አቶም ያላቸው ሞለኪውሎች በሌዘር እየጋሉ እንዲያልፉ ተደረገ። በጋሉ ቁጥር ብርሃን ይረጫሉ፤ ያ ብርሃን በየት እንዳለፉ መረጃ ይዞ ስለሚሄድ የሞገዱ ኢንተርፌረንስ (የመንገዶቹ መደማመርና መጣፋት) እየደበዘዘ ጠፋ። ፎቶኖቹን (የብርሃኑን ቅንጣቶች) የሰበሰበ ማንም አልነበረም።

ጠያቂ፦
ሞከርኩት! በአንድ ሲኖት ግማሽ በግማሽ፤ ሁለተኛውን ስጨምር 0 ብቻ። ምልክቱ ሲሰረዝ ሁሉም ተመለሰ ማለት ነው? ታዲያ መለካት ሁሉን የሚያበላሽ ከሆነ ስህተት እንዴት ይታረማል?

መልስ 1፦
አዎ፣ ገና ሌላ ቦታ ሳይሰራጭ ስለሰረዝከው ነው። እውነተኛ ማሽን ላይ ምልክቱ ወደ አካባቢው ካመለጠ የሚመልሰው የለም፤ ማቀዝቀዣውና መከላከያው ሁሉ ለዚህ ነው።

ስህተት ለማረም የአንዱን ኪውቢት መረጃ በብዙ ኪውቢቶች ላይ ዘርግተህ የምትጠይቀውን መምረጥ ነው። «0 ነህ ወይስ 1?» አትልም፤ «አንደኛውና ሁለተኛው ኪውቢት አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?» ትላለህ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም እንዲሁ። መልሶቹ አንድ ላይ የተገለበጠውን ይጠቁማሉ እንጂ የተከማቸውን መረጃ አይገልጡም፤ ሱፐርፖዚሽኑም (የ0 እና የ1 ጥምረቱ) ይተርፋል። የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1995 በ9 ኪውቢት ያሳየው ይህንን ነው፤ እኔ ከዚህ ዘርፍ በጣም የምወደው ሐሳብም እሱ ነው። አንተ በ3 ጀምር፤ ሰርኪቱን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።