አሮጌ አይ 7 ወይስ አዲስ አይ 3?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ዴስክቶፔ ኮር አይ 7-4770 ነው፤ የ2013 ፕሮሰሰር። 16 ጊጋ ዲዲአር 3 ራም አለው፣ ለብቻው የተሰካ ግራፊክስ ካርድ የለውም። እስከ አምና አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ችግሩ የመጣው ካሜራ ስቀይር ነው። አዲሱ በ4ኬ፣ በኤች 265 (ቪዲዮን በጣም አጥብቆ በሚጨምቅ ፎርማት) ነው የሚቀርጸው። ኤዲት ሳደርግ ምስሉ ይንቀረፈፋል፤ ኤክስፖርት ሲሆንማ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቼም አያልቅም። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀየርኩ። ፋኑን አጸዳሁ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ቀባሁ። ሙቀቱ ወረደ፣ ፍጥነቱ ግን ያው።

አንድ ሻጭ «ኮር አይ 3-12100 ውሰድ» አለኝ። ሳቅሁ። ከ7 ወደ 3? ሁለቱም 4 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) እና 8 ትሬድ (በአንዴ የሚያስኬዷቸው ሥራዎች) ናቸው። መነሻ ፍጥነቱ እንዲያውም የኔው ይበልጣል፤ 3.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ የሱ 3.3። ግን ዘንድሮ ጥምቀተ ባሕሩ ላይ የቀረጽኩትን 10 ደቂቃ ጓደኛዬ አይ 3 ላይ ሞከርነው። እኔ ጋ 41 ደቂቃ የፈጀው እሱ ጋ በ12 አለቀ! የሱም ካርድ የለውም።

አይ 3ቱን ከወሰድኩ ማዘርቦርዱም ራሙም አብረው መቀየር አለባቸው፤ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ሶኬት አይገጥምም። አሁን ጾም ስለሆነ ፋታ አለኝ፣ ፋሲካ ሲያልፍ ግን ሠርጉ ይጎርፋል።

እንግዲህ ልዩነቱ የመጣው አዲሱ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ግራፊክስ ኤች 265ን ራሱ ስለሚፈታ ብቻ ከሆነ፣ አሮጌው ላይ ርካሽ ግራፊክስ ካርድ ብሰካ ይበቃኛል ወይስ ኮሮቹ ራሳቸው ያን ያህል ይለያያሉ?