አሮጌው ቤትና የተቀጠሉበት ክፍሎች፦ ከየቱ ልጀምር?

ሰላም ለሁላችሁም፣ ምክር ፈልጌ ነው። ከ100 ዓመት በላይ የሆነው የድንጋይ ቤት ገዝቼ እያደስኩ ነው። ዋናው ቤት በኖራ የተገነባ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ በሮቹም የድሮዎቹ፣ በጣም ነው የምወደው። ያስጨነቁኝ በኋላ የተቀጠሉት ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው ብሎኬት ነው፣ ሌላው እንጨትና ቆርቆሮ፣ ጣሪያቸው ከዋናው ጋር በሚገናኝበት ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያፈሳል። ብሎኬቱ ከድንጋዩ ጋር የተያያዘበት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ መሠረታቸው እኩል ስላልሰመጠ ይመስለኛል። ከሁሉ የከፋው ግን የድንጋዩ ግድግዳ ከውጭ በሲሚንቶ መለሰኑ ነው። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ያፍነዋል፣ አሁን ከውስጥ በኩል ቀለሙ እየተላጠ ነው። ሲሚንቶውን ላንሳው ብል ድንጋዩ አብሮ እንዳይረግፍ ፈራሁ። እንዲህ ያለ ቤት ያደሳችሁ፣ መጀመሪያ የቱን ነካችሁ? ጣሪያውን ወይስ ልስኑን? የብሎኬቱንስ ክፍል ላፍርሰው?